ለሐጂ ረምዚ አልነሳም

ደብዳቤው የመጣው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ደብዳቤ ስል ወረቀት እንዳይመስላችሁ፤ ሞግዚት ናት ያነበበችልኝ። ሞግዚት የምላት ቤቴን ነው። ደንበኛ ስሟ «የቤት አጋዥ» ነው፣ ሰፈሩም እንደዚያ ይላታል። እኔ ግን በሰባ ስምንት ዓመቴ ጠባቂ የተቀጠረልኝ ሰው ስለሆንኩ ሞግዚት እላታለሁ። አትቀየምም። እንድትቀየም አድርገው አልሠሯትም።

«ጋሼ ኪሩቤል፣ ከአገልግሎቱ መልእክት አለዎት» አለችኝ። «ላንብብልዎት ወይስ መጀመሪያ መድኃኒትዎን ይውጣሉ?»

«አንብቢ።»

«መጀመሪያ መድኃኒትዎን ይውጣሉ።»

ዋጥኩ። አነበበች። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው። ባለፉት ሁለት ወራት የተራ ጠያቂዬ አርባ አንድ ጊዜ ቤቴ ገብቷል። እኔ አርባ አንዱንም ጊዜ ከመቀመጫዬ አልተነሳሁም። ስለዚህ በራሴ መነሳት ተስኖኛል ተብሎ ተገምቷል። ሰኞ በአራት ሰዓት ይታያል፤ ያን ዕለትም ካልተነሳሁ እስከ ወሩ መጨረሻ ወደ ሜዳ ቤት እዛወራለሁ።

ሜዳ ቤት የሚባለው የአረጋውያን መኖሪያ ቁልቁል ወደ ኮምቦልቻ ወርዶ ነው። ክፉ ቦታ ነው አልልም። የወረዱት ሁሉ «ጥሩ ነው» ይላሉ፤ አንዱም ሌላ ቃል ሲጨምር አልሰማሁም። ደረጃ የለም፣ ብርድ የለም፣ ሰው ሲወድቅ ወለሉ ቀድሞ ይለሰልሳል። ግን ከዚያ ተመልሶ ደሴ የወጣ ሰው አላየሁም። የእኔ ቤት ጦሳ ተራራ ሥር ነው፣ ከመቶ አሥራ ሁለት ደረጃ በላይ። ጠዋት መስኮቱን ስከፍት ጉሙ ሳይጠየቅ ይገባል። ቧንቧውን ከመንገድ እስከ ጓዳ የዘረጋሁት እኔ ነኝ፤ አርባ አምስት ዓመት አንዲት ጠብታ አልጣለም። በዚህ ቤት መሞት እፈልጋለሁ። እሱም ቶሎ አይደለም።

አገልግሎቱን ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው። በ2085 ዓ.ም. በእኛ ደረጃ ላይ ከሚኖረው ሰው ግማሹ ሽማግሌና አሮጊት ነው። ልጆቻችን ሥራ ያለበት ናቸው። ስለዚህ ቤቱ ይጠብቀናል፣ እኛ ደግሞ በተራ እንጠያየቃለን። በየሦስት ወሩ ተራው ይወጣል። ጠያቂው ጠዋት ይመጣል፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ሽንት ብሎ ይጠይቃል። እሱ ይጠይቃል፣ እኔ እዋሻለሁ፣ ሞግዚት ታርመኛለች። ከዚያ ሰላም ተባብለን እንለያያለን።

መነሳቱን የምትቆጥረው እሷው ናት። በሌላ አገር ሽማግሌን በሰዓት እየለኩ ቁጭ ብድግ ያሰኙታል ይባላል። የእኛዎቹን ሞግዚቶች ግን ማንም አላስተማራቸውም። ስንት መቶ ሺህ ቤት ውስጥ ቁጭ ብለው እኛኑ አዩን። እንግዳ ሲገባ መነሳት የሚችል ሰው ሁሉ እንደሚነሳ፣ የማይነሳው ያልቻለው ብቻ እንደሆነ ከእኛው ተማሩ። «ታዲያ ሌላ ጊዜ ስነሳ ለምን አትቆጥሪም?» ብዬ ጠይቄያታለሁ። ወንበሩ ነው አለችኝ። እውነቷን ነው። ወንበሬ ሻይ ልጠጣ ብዬ ገና ሳስብ ከኋላዬ ገፋ አድርጎ ያቆመኛል። ለራስህ ስትነሳ ወንበሩ ያነሳሃል። ለሰው ስትነሳ ግን ወንበሩን አትጠብቅም።

የዚህ ሦስት ወር ጠያቂዬ ሐጂ ረምዚ ነው።

ሐጂ ረምዚ ከእኔ አምስት ደረጃ ዝቅ ብሎ የሚኖር የድሮ ጨርቅ ነጋዴ ነው። በአራት ዓመት እበልጠዋለሁ። እኔ ቂም አልይዝም፤ የማልረሳ ሰው ብቻ ነኝ። የሰባተኛ ክፍል አስተማሪዬ «አንተን ከማስተማር ግድግዳውን ማስተማር ይሻላል» ብሎ ያስወጣኝን ቀን ከነሰዓቱ አውቀዋለሁ። የረምዚን ቀን ደግሞ ከነልብሴ አስታውሳለሁ። ግራጫ ሱፍ ነበር።

ጥር 2054። የጎረቤት ሰርግ። ልብሱን ለዚያ ቀን ብዬ ነው ያሰፋሁት። ዳሱ ውስጥ ገና አንድ እግሬን ሳስገባ ሰው በሙሉ ግልብጥ ብሎ ተነሳ። «ኖር! ኖር!» ሽማግሌው፣ ሀብታሙ፣ የሙሽራው አባት ሳይቀር። ደረቴ ሞቀ። ይኼ ሁሉ ሰው ውሃ የሚጠጣው በእኔ በቧንቧ ሠራተኛው እጅ ነውና ዛሬ ገባቸው ማለት ነው፣ አልኩ። ሁለት እጄን አንስቼ «ኧረ በእግዜር! ኧረ በእናታችሁ ተቀመጡ!» አልኳቸው። አንድም ሰው አልተቀመጠም።

ከኋላዬ የውሃው መሐንዲስ ቆሟል።

ረምዚ ከፊት ወንበር ላይ ሆኖ፣ «አንተ በእግዜር፣ ዞር በልለት እንጂ መሐንዲሱ ይግባ! ለቧንቧ ተነስተን እናውቃለን?» አለ። ዳሱ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ ስንት ዓመት የደረጃው ልጆች «ጋሽ በእግዜር» ሲሉኝ ኖሩ። እኔም ያን ቀን ማልኩ። ይህ ሰው ንጉሥ ሆኖ ቢመጣ፣ ሞቶ በቃሬዛ ቢያልፍ፣ ለእሱ አልነሳም። በሰርግ፣ በለቅሶ፣ በስብሰባ ሠላሳ አንድ ዓመት አልተነሳሁም። እሱም እንደገባው አውቅ ነበር። ምክንያቱም ሁልጊዜ ከበሩ ሳያልፍ «አትነሳ! አትነሳ ኪሩቤል!» እያለ እየሳቀ ነው የሚገባው። ያላግጥብኛል። እኔም ላለመነሳት እግሬን ዘርጋ አደርጋለሁ።

ረቡዕ ዕለት የአገልግሎቱ ባለሙያ በግድግዳው ምስል ላይ መጣች። ዘነበወርቅ ትባላለች። የዛሬ ልጆች ደግሞ የጥንት ስም ነው የሚያወጡላቸው፤ ዘነበወርቅ የሚባሉት ሕፃናት ሲሆኑ ኪሩቤልና ረምዚ የሚባሉት ሽማግሌ ሆነዋል።

«አባባ፣ ጉልበትዎን መቼ ነው የጀመረዎት?» አለችኝ።

«ጉልበቴን ምንም አልነካኝም። የማልነሳው ስለማልፈልግ ነው።»

ጎንበስ ብላ የሆነ ነገር ነካች። «ይሄ የተለመደ ነው። ብዙዎቹ እንደዚህ ይላሉ።»

«ምን ይላሉ?»

«ስለማልፈልግ ነው ይላሉ። የራሱ መደብ አለው።»

«ለሌላ ሰው እኮ እነሳለሁ! ጎረቤቴን ሶልያናን ልጥራልሽና እዪ።»

«የሚቆጠረው የተራ ጠያቂ ሲገባ ነው አባባ። ሰዓቱ የታወቀ፣ ሰውዬው የታወቀ።»

«እንግዲያ ጠያቂውን ለውጡልኝ።»

«ይለወጣል። ማመልከቻው አርባ ቀን ይወስዳል።» ፈገግ አለች። ጥሩ ልጅ ናት፣ ክፋት የለባትም። ክፋት ቢኖርባት ይሻለኝ ነበር። «ሰኞ ይነሱ፣ ይበቃል። በራስዎ፣ ያለሰው እጅ፣ ያለወንበር። አንድ ጊዜ።»

ግድግዳው ጠፋ። ሶልያና ከመስኮቱ ውጭ ደረጃው ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ሰማንያ ዓመቷ ነው፤ ጆሮዋ ግን የሃያ። አፏን ይዛ ትስቃለች።

«አንተ ሰው፣ ተነስተህ አትገላገልም?»

«ለረምዚ?»

«ለረምዚ አትነሳ፣ ለቤትህ ተነስ። እሱ መሐል ቤት ቢቆም ምን ቸገረህ?»

ይህ ነገር አእምሮዬ ውስጥ ገባ። ማታውን ብቻዬን ተለማመድኩ። ወንበሩን «ተው» ብዬ ከለከልኩት፣ በሩን እያየሁ ብድግ አልኩ። ጉልበቴ ቋ አለ እንጂ ቆምኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ጊዜ።

«ጋሼ፣ ማን መጣ?» አለች ሞግዚት።

«ማንም።»

«ለማን ነው የሚነሱት?»

«ዝም በይ።»

ሐሙስ በአራት ሰዓት «ቤቶች!» የሚለው ድምፁ ተሰማ። «አትነሳ፣ አትነሳ ኪሩቤል!» እጄን ጉልበቴ ላይ ጫንኩ። ጥርሴን ነክሼ ተነሳሁ። ገና ወገቤ ሳይቃና ረምዚ ዓይኑን አፍጥጦ አየኝና ዘሎ መጣ። «ኧረ በአላህ! ኧረ ምን ነካህ!» ሁለት መዳፉን ትከሻዬ ላይ አሳርፎ ወንበሩ ላይ መልሶ ተከለኝ።

«አልተነሱም» አለች ሞግዚት።

ረምዚ ከፊቴ ቁጭ ብሎ ግንባሬን ዳበሰ። «ታመሃል እንዴ? እንቅልፍ? ምግብ?»

ዓርብ ፈጠን ብዬ ሳይደርስብኝ ልቆም ሞከርኩ። ቆሜም ነበር። ግን በክንዴ ደረሰብኝ፤ ጨብጦ፣ ደግፎ፣ እያባበለ አስቀመጠኝ።

«በሰው እጅ ተነስተዋል» አለች ሞግዚት።

ያን ጊዜ ቱግ አልኩ።

«አንተ ሰው፣ እጅህን ሰብስብ!»

«ምን አደረግኩ?»

«ለምንድን ነው የምታስቀምጠኝ?»

«ታላቄ ሲነሳልኝ እጄን አጣምሬ ላይ? ወላሂ አባቴ ከመቃብር ተነስቶ ይገርፈኛል።»

«አንተን ማን ተነሳልህ አለህ?»

«ተነስተህ ነበራ!»

«ለቤቴ ነው የተነሳሁት!» አልኩና ደብዳቤውን ነገርኩት። አርባ አንዱን ጊዜ፣ ሰኞን፣ ሜዳ ቤትን። ሳቁ ከፊቱ ላይ ወረደ። ጉሙን ተሻግሮ ወደ ቁልቁለቱ አየ። ታላቅ ወንድሙ ከሁለት ዓመት በፊት ወደዚያ ወርዷል።

«በጉልበትህ ምክንያት?» አለኝ ቀስ ብሎ።

«ጉልበቴ ምንም አልሆነም!»

«እንዴ፣ እንዴት? ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው መነሳት ያቃተህ…»

«ለሰው አይደለም! ለአንተ ነው! ለአንተ ብቻ ነው የማልነሳው፣ ስለማልወድህ!»

«የልብ ምትዎ ጨምሯል» አለች ሞግዚት።

ረምዚ ጢሙን ዳበሰ። «እኔ እኮ» አለ፣ «እኔ እኮ ጉልበትህ መስሎኝ ነው። ዕድሜህን ሙሉ ለቧንቧ ብለህ ጭቃ ላይ ስትንበረከክ ስለማውቅ፣ ጉልበቱ አልቋል ብዬ። በር ላይ ሆኜ አትነሳ የምልህ ሰው ፊት እንዳታፍር ብዬ ነው። ዱዓ ሳደርግ እንኳ ያ ረቢ የኪሩቤልን ጉልበት እላለሁ።»

እስቲ ፍረዱኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት አንድን ሰው ቀጣሁ። በሰርግ ቀጣሁት፣ በእናቱ ለቅሶ ቀጣሁት፣ ከሐጅ ተመልሶ ሰፈሩ ሁሉ ሲነሳለት ብቻዬን ቁጭ ብዬ ቀጣሁት። ሰውዬው ቅጣቱ አልደረሰውም። እንዲያውም ሲጸልይልኝ ኖሯል።

«ሰርጉን አታስታውስም?» አልኩት።

«የቱን ሰርግ?»

ነገርኩት። ግራጫውን ሱፍ፣ ዳሱን፣ መሐንዲሱን፣ ቃል በቃል ያለኝን። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። «ለቧንቧ ተነስተን እናውቃለን» የሚለው ላይ ስደርስ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። እየሳቀ ነው!

«ወይኔ! ወይኔ ረምዚ! ይሄን ያልኩት እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ!»

«አቦ፣ እንዴት ያለ ነገር ተናግሬያለሁ!» ዕንባው እየወረደ ይስቃል። «ሁለቱንም እጅህን አነሳህ? እንዲህ አድርገህ? በእናታችሁ አልክ?» ተነስቶ አሳየኝ። ልክ እንደ እኔ። የዚያን ቀን ራሴን ከውጭ አይቼው አላውቅም ነበር። ሱፉ ሰፊ ነበር፣ እጅጌው እስከ ጣቴ ይደርሳል፣ እንደዚያ ሆኜ ሁለት እጄን ሳነሳ… ሳልፈልግ አመለጠኝ። ሳቅኩ። ሆዴ እስኪያመኝ ሳቅኩ። «ጋሼ፣ ይተንፍሱ» አለች ሞግዚት።

ከዚያ ረምዚ ፊቱን ጠርጎ ቀና አለ። «ኪሩቤል፣ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።»

አፉ አላልኩትም። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ሳቅ አይለቅም። «ሰኞ እጅህን ሰብስብ፣ ከዚያ ይታያል» አልኩት።

ቅዳሜና እሁድ ተለማመድን። ጉድ ነው የሆነው። ረምዚ እጁን ኪሱ ከተተ፤ ልነሳ ስል ከኪሱ ወጣ። እጁን ወደ ኋላ አጣመረ፤ ብድግ ከማለቴ ክንዴን ይዞኝ ተገኘ። «እኔ አይደለሁም፣ እጄ ነው!» ይላል። እውነቱን ነው። አባቱ ያን እጅ በአርጩሜ ነው ያስተማረው፤ ታላቅ ሲነሳ ከማንም ቀድሞ ይሄዳል። እሁድ ከሰዓት ሁለታችንም ደክሞን ቁጭ ስንል ሶልያና በመስኮቱ አንገቷን አስገባች።

«ሐጂዬ፣ የአንተ እጅ ሥራ ካልያዘ አያርፍም» አለች። «ነገ ስትመጣ በእኔ ቤት በኩል እለፍ።»

ሰኞ ገና ሦስት ሰዓት ሳይሆን ሰፈሩ ሰምቶ ኖሮ ሰው መጣ። ሊጠይቀኝ ነው፣ እንደታመመ ሰው። ሶልያና ገባች፤ ተነሳሁላት። «አይቆጠርም» አለች ሞግዚት። ከላይኛው ደረጃ ባልና ሚስቱ ገቡ፤ ተነሳሁላቸው። «አይቆጠርም።» ጡረተኛው ሾፌር ገባ፤ ለእሱም ተነሳሁ። «አይቆጠርም።» ሁሉም በግድግዳው ጥግ ባለው አግዳሚ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ሁሉም ዓይናቸውን በሩ ላይ ተከሉ።

አራት ሰዓት ሲሆን ግድግዳው በራ። ዘነበወርቅ ቢሮዋ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። «ዝግጁ ነዎት አባባ?»

«ነኝ።»

«ቤቶች!» አለ ረምዚ ከበሩ።

ገባ። በሁለት እጁ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ይዟል። ሶልያና አጥሚት ሞልታበታለች፣ እስከ አፉ፣ እንደ አራስ ቤት፣ እንፋሎቱ ጢሙ ላይ ይወጣል። አንድ እጁን ቢለቅ ሙሉው ወለሉ ላይ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ «አትነሳ» አላለኝም። ከንፈሩን ነክሶ ቆመ።

መዳፌን ጉልበቴ ላይ ጫንኩ። ወንበሩ ከሥሬ ማጉረምረም ሲጀምር «ተው» አልኩት። ተወ። ወለሉን ገፋሁት። ቀኝ ጉልበቴ ቋ አለ፣ ግራው መለሰለት። ወገቤን አቃናሁ።

«ኖር» አልኩ።

አስቤው አይደለም። ቃሉ ራሱ ወጣ።

ሳህኑ በረምዚ እጅ ላይ አዘነበለ። እጆቹ ወደ እኔ ሊመጡ ሲታገሉ አያቸዋለሁ። አጥሚቱ በአውራ ጣቱ ላይ ፈሰሰ። «በእግዜር» አለ፤ ሐጂ ሆኖ በእግዜር አለ።

«በራሳቸው ተነስተዋል» አለች ሞግዚት።

ያኔ ሶልያና ተነሳች። ታላቋ ባልሆንም የቤቱ ባለቤት ቆሞ እንግዳ አይቀመጥማ። ባልና ሚስቱ ተነሱ። ሾፌሩ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ። በግድግዳው ላይ ዘነበወርቅ ሳትቀር ከቢሮ ወንበሯ ብድግ አለች፤ ምን እንዳስነሳት የገባት አይመስለኝም፤ የጆሮዋ ማዳመጫ ትከሻዋ ላይ ወደቀ። ሁሉም ቆመው ወደ እኔ ያያሉ።

አንገቴ ያን ሰርግ አልረሳም። ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ።

መሐንዲስ አልነበረም። ማንም አልነበረም። ወንበሬ ብቻ ነበር፤ እሱም ባዶውን፣ እስከ መጨረሻው ተነስቶ ቆሟል።

«ማንን ነው የምትፈልገው?» አለችኝ ሶልያና።

«ማንንም» አልኩ።

ወዲያው ተቀመጡ ማለት ነበረብኝ። ሰባተኛ ክፍል ባቆምም ወግ አውቃለሁ። ግን ትንሽ አቆየኋቸው። በመስኮቱ ጉሙ ከጦሳ ላይ እየተገፈፈ ነበር፣ ፀሐይዋም ልክ አግዳሚው ላይ ደርሳ የቆሙትን አንድ በአንድ አበራቻቸው።

«ኧረ በአላህ ኪሩቤል» አለ ረምዚ፣ «ጣቴ ተቃጠለ!»

«ታገስ» አልኩት። «እኔ ስንት ዓመት ታግሻለሁ።»

ከዚያ ሁለት እጄን እንደዚያን ጊዜው አነሳሁ።

«አፉ ብዬሃለሁ» አልኩት ረምዚን። «ኧረ በእግዜር» አልኳቸው ሁሉንም፣ «ኧረ በእናታችሁ፣ ተቀመጡ።»

ሁሉም ተቀመጡ።